«ቶሎ ንዳ!» የሚለው ማነው?

መኪና ሰው ገጭቶ በገደለ ጊዜ ሁላችንም ጣታችንን የምንቀስረው በነጂው ላይ ነው። መሪውን የያዘው እርሱ ስለሆነ በሕግ ፊት መጠየቁ ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ከበስተኋላው ተቀምጦ «ስብሰባው ሊጀመር ነው፤ ቶሎ ንዳ!» ሲል የነበረውን ሹም የሚጠይቀው ማነው?

እስቲ ነገሩን በሒሳብ እንመርምረው። አሥር ኪሎ ሜትር መንገድ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቢነዱት 15 ደቂቃ ይፈጃል፤ በ60 ቢነዱት 10 ደቂቃ። እንግዲህ ትርፉ አምስት ደቂቃ ብቻ ነው። ዋጋውስ? በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ነጂው ሕፃን ወደ መንገዱ ሲገባ አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ ድረስ ብዙ ጊዜ አንድ ሴኮንድ ያልፋል። ፍሬኑ ከተያዘም በኋላ፥ ፍጥነቱ እጥፍ ከነበረ መኪናው እስኪቆም የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ደንብ ያወጣው ትራፊክ ፖሊስ አይደለም፤ የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ የተፈጥሮ ሕግ ደግሞ የሹም ስልክ አይቀበልም።

የመንገድ ሕግም እንዲሁ ለማንም የማያዳላ መሆን አለበት። በ1956 ዓ.ም. አገራችን በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ በተዛወረች ጊዜ «እኔ ትልቅ ሰው ነኝና በግራዬ እቀጥላለሁ» የሚል ቢኖር ኖሮ ከፊቱ ከሚመጣው መኪና ጋር በተጋጨ ነበር። ቀይ መብራትና የእግረኛ ማቋረጫም ከዚህ አይለዩም። እግረኛው በነጩ መስመር ላይ እግሩን የሚያሳርፈው ነጂው ይቆምልኛል ብሎ አምኖ ነው። ያንን እምነት ማፍረስ ከቅጣት ወረቀት የከበደ በደል ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2016 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ በመንገድ አደጋ በዓመት 1.19 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደሚሞት፥ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከሚገድሉት ምክንያቶችም ቀዳሚው ይኸው እንደሆነ ገልጿል። ይህ የተማሪውና የአዲሱ የመንግሥት ሠራተኛ ዕድሜ ነው።

ስለዚህ ወጣት ሹም ሆይ፥ ስብሰባ ካለብህ አሥር ደቂቃ ቀድመህ ተነሣ። አንተም ተማሪ፥ የታክሲው ነጂ ሲከንፍ ዝም አትበል፤ «ወንድሜ፥ ቀስ በል» ማለት ነውር አይደለም። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የፈሰሰ ደም ግን አይለቀምም።