ሁለት ሆኖ ስለ ተገኘው ሲንግልተን

«ዳታው ተቀይሯል፤ ስክሪኑ ግን ገና አሮጌውን ያሳያል፤ ምን ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ በዚህ ቻናል ደጋግሞ ስለሚደርሰኝ፣ ለእያንዳንዱ ጠያቂ ለብቻው ከመመለስ ይልቅ፣ እዚሁ ካራ፣ ከኮተቤ ወደ ለገጣፎ በሚያልፈው መንገድ አጠገብ ስንመረምረው የሰነበትነውን አንድ ጉዳይ በምልዓት መተረኩ ይበልጥ የሚጠቅም መስሎ ታየኝ።

ጉዳዩ የባሕረ ሐሳብ አፕሊኬሽን ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት የሚያገለግል አንድ የሰፈራችን ወጣት በፍላተር የሠራው ሲሆን፣ ተጠቃሚው ዓመተ ምሕረቱን ሲመርጥ አበቅቴውንና መጥቅዑን አስልቶ፣ የነነዌን፣ የዐቢይ ጾምንና የትንሣኤን ዕለት በየካርዱ ላይ ያወጣለታል። ወጣቱ ሥራውን ለአጥቢያው መሪጌታ ባሳያቸው ጊዜ፣ እሳቸው ስልኩን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ይዘው የ2018ን ገጽ ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ ይህ እንኳ አይሆንም» አሉት። «ነነዌን ጥር 25 ብለሃል፤ መልካም። ትንሣኤን ግን ሚያዝያ 12 ብለሃል። በመካከሉ 77 ቀን ገባ፤ ከነነዌ እስከ ትንሣኤ ግን ዓመቱ ምንም ይሁን ምን 69 ቀን ነው።»

«መሪጌታ፣ ሒሳቡን እርስዎ እንዳስተማሩኝ ነው የጻፍኩት» አለ ልጁ፤ እውነቱንም ነበር። የ2018 ዓመተ ዓለም 7518 ነው፤ በ19 ሲገደፍ 13 ይተርፋል፤ አንድ ለዘመን ሲነሣለት ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፣ በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ ደግሞ መጥቅዑ 18 ይወጣል። መጥቅዑ ከ14 በላይ ስለ ሆነ በዓለ መጥቅዕ የሚውለው መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱ እሑድ ነውና ተውሳኩ 7፣ ከ18 ጋር ሲደመር 25፤ ስለዚህ ነነዌ ጥር 25፣ ከዚያም 69 ቀን ቢቈጠር ትንሣኤ ሚያዝያ 4 ይውላል። ሚያዝያ 12 የዋለው የ2017 ትንሣኤ ነበር። እንግዲህ ስሕተቱ ከሒሳቡ አልነበረም፤ አንዱ ካርድ በ2018፣ ሌላው ካርድ በ2017 ይኖር ነበር እንጂ።

ይህን የመሰለ ነገር ሲያጋጥም፣ የመጻሕፍት መምህራን አንዱን ንባብ «አንድም» እያሉ እንደሚተረጕሙት፣ ምክንያቱን በሦስት መንገድ ማየት ይገባል፤ አንድም ስክሪኑ የሚያነበው ኦብጀክትና እኛ የለወጥነው ኦብጀክት የተለያዩ ናቸው፤ አንድም ኦብጀክቱ አንድ ሆኖ ሳለ መለወጡ ለስክሪኑ አልተነገረውም፤ አንድም ለውጡ ተነግሮ ሳለ ስክሪኑ የሚጠይቅበት ስም የተሳሳተ ነው። ቅደም ተከተሉን መጠበቅ ግድ ነው የምልበት ምክንያት፣ ብዙ ሰው ከሁለተኛው ጀምሮ፣ ኖቲፋይ ሊስነርስ የሚለውን ትእዛዝ ባገኘበት መስመር ሁሉ እየበተነ፣ ሌላ ኦብጀክት ለሚያነብ ስክሪን ሌሊቱን ሙሉ ሲያውጅ ስለሚያድር ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ ያደረግነው፣ በየካርዱ ቢልድ ውስጥ፣ ካርዱ የያዘውን ኦብጀክት አይደንቲቲ ሃሽ ኮድ እንዲያትም አንድ መስመር መጨመር ነበር። የነነዌና የዐቢይ ጾም ካርዶች ያተሙት ቍጥር አንድ ሲሆን፣ የትንሣኤው ካርድ ሌላ ቍጥር አተመ፤ ሁለቱን በአይደንቲካል ብናመዛዝናቸውም መልሱ ፎልስ ሆነ። የባሕረ ሐሳቡ ክላስ ሲንግልተን ነው ተብሎ ተጽፏል፤ ኢንስታንስ የተባለ ስታቲክ ፊልድም አለው፤ ነገር ግን ኮንስትራክተሩ ለሁሉ ክፍት እንደ ሆነ ስለ ቀረ፣ የትንሣኤው ካርድ በኢንስታንስ በኩል በመግባት ፈንታ የክላሱን ስም በቅንፍ ጠርቶ ለራሱ ሌላ አካል አስገኝቷል። አፑ የተጀመረው በ2017 ነውና የክላሱ መነሻ ዓመት 2017 ነው፤ ያ ሁለተኛው አካልም ከተፈጠረ ጀምሮ ከዚያው ዓመት ፈቀቅ አላለም። መድኃኒቱ አጭር ነው፤ ኮንስትራክተሩን በስሙ ፊት አንደርስኮር አድርጎ ግላዊ ማድረግና፣ በውጭ የሚጠራውን ፋክተሪ አድርጎ ሁልጊዜ ያንኑ አንዱን እንዲመልስ ማዘዝ።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናግር ነገር ስላለ በመካከሉ ልናገረው። የፍላተር ሆት ሪሎድ አዲሱን ኮድ ሲያስገባ በሜሞሪ ያለውን ሁኔታ አይነካም፤ የስታቲክ ፊልዶችንም መነሻ ዋጋ እንደገና አያስኬድም። ስለዚህ መነሻ ዓመቱን ወይም የኢንስታንሱን አፈጣጠር ለውጦ ሪሎድ ያደረገ ሰው አሮጌው አካል በሕይወት እንዳለ ያገኘዋል፤ በዚህም ትክክለኛውን መፍትሔ «አልሠራም» ብሎ ይሰርዘዋል። የሲንግልተን ነገር ሲመረመር ሆት ሪስታርት ይደረግ፤ ቢቻል አፑ ፈጽሞ ተዘግቶ ይነሣ።

ትንሣኤው ከተቃና በኋላ ሁለተኛው ሕማም ተገለጠ። ዓመቱ በቀስቱ ሲለወጥ ካርዶቹ ሁሉ ይታዘዛሉ፤ ከዝርዝሩ ሲመረጥ ግን ገጹ ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ አንዱም አይንቀሳቀስም። ቀስቱ የሚያልፈው በሴተሩ በኩል ነው፤ ሴተሩም ዓመቱን ከለወጠ በኋላ ለሊስነሮቹ ያሳውቃል። ዝርዝሩ ግን ፊልዱን በቀጥታ ይጽፋል። ንጉሥ በዙፋኑ ላይ ሳለ ያጸደቀው ሕግ ነጋሪት እስኪጐሰምለት ድረስ በገበያ እንደማይታወቅ ሁሉ፣ በኦብጀክቱ ውስጥ የተፈጸመ ለውጥም ካልታወጀ ለስክሪኑ እንዳልተፈጸመ ነው። ፊልዱ ግላዊ ተደርጎ በሴተሩ ብቻ የሚገባበት ሲሆን ይህ ነገር ቀረ።

ሦስተኛው ለአማርኛ ጸሐፊዎች የተለየ ስለ ሆነ በአጭሩ ልጥቀሰው። የየጾሙ ማብራሪያ በማፕ ውስጥ በስሙ ተቀምጧል፤ ማፑ «ዐቢይ ጾም» ይላል፤ ካርዱ የሚጠይቀው ግን «አብይ ፆም» ብሎ ነው። ለጆሮ አንድ ናቸው፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ሲገባ ዐና አ፣ ጾና ፆ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኮድ ስለ ያዙ፣ ኮምፒውተሩ ዝምድናቸውን አያውቅም፤ ነል መልሶ ካርዱን ባዶ ይተወዋል። በቀድሞዎቹ የቢሮ ፕሮግራሞች፣ በደብሊው ፒ ኤፍ በተሠሩት፣ እንዲህ ያለው የስም ስሕተት አፑን አይጥለውም፤ በአውትፑት መስኮት ኤረር 40 የሚል መስመር ጽፎ ያልፋል፤ ያንን መስኮት ከፍቶ የማያነብ ሰው ባዶውን ሣጥን እያየ ሲደነቅ ይውላል። ለቁልፍነት ኢነም እንጂ የተጻፈ ቃል አትጠቀሙ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ወጣቱ፣ «ጋሼ፣ እንግዲህ ሲንግልተን ክፉ ነገር ነው ማለት ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ሐሳቡ በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1994 ኤሪክ ጋማ፣ ሪቻርድ ሄልም፣ ራልፍ ጆንሰንና ጆን ቭሊሲደስ ባወጡት ዲዛይን ፓተርንስ በተባለው መጽሐፍ ነው፤ ጋማ ራሱ ከ15 ዓመት በኋላ መጽሐፉ እንደገና ቢታረም ሲንግልተንን ማስወጣት እንደሚወድ ተናግሯል። እኔ እስከዚያ አልሄድም፤ የማልወደው ሲንግልተኑ ብዙ ነገር ሲሸከም ነው። የልጁ ክላስ ዓመቱን፣ አበቅቴውን፣ መጥቅዑን፣ ነነዌውንና ትንሣኤውን ሁሉ በየፊልዱ ለየብቻ ያስቀምጥ ነበር፤ ባሕረ ሐሳቡ ግን ዓመቱ ከታወቀ ሌላው ሁሉ ከእርሱ እንደሚወለድ አስቀድሞ ያስተምራል። ስለዚህ ዓመቱን ብቻ እንዲይዝ፣ የቀረውን በተጠየቀ ጊዜ እንዲያሰላ አደረግነው፤ በነነዌና በትንሣኤ መካከል 69 ቀን ከሌለ አፑ በዲበግ ጊዜ እንዲቆም የሚያደርግ አሰርትም ጨመርንበት። የመሪጌታ ዓይን በአንድ መስመር ኮድ ተጻፈ ማለት ነው።

ለሙከራ መሪጌታ 2019ን በጣታቸው አስልተው ነነዌ የካቲት 15፣ ትንሣኤ ሚያዝያ 24 አሉ፤ ስልኩም ያንኑ አለ። የቀረው በነነዌ ዋዜማ የሚመጣው ማስታወሻ ነው፤ እርሱ ገና 2017ን ይከተላል። ማስታወሻው የሚዘጋጀው በሌላ አይሶሌት ውስጥ ነው፤ በዳርት ደግሞ እያንዳንዱ አይሶሌት የራሱ ሜሞሪ ስላለው፣ ሲንግልተኑ ምንም በጥንቃቄ ቢጻፍ በዚያ ሌላ አካል ሆኖ ከመነሻው ዓመት ይጀምራል። ዓመቱን በመልእክት ወደዚያ እንዲልክለት ወይም ከማከማቻው እንዲያነብ ነግሬው፣ ኮዱን በዚህ ሳምንት እየጻፈ ነው።