መድኃኒት በሕዋስ ላይ ሲፈተሽ፦ የፀረ-ቫይረስ መድኃኒቶች የላቦራቶሪ ፍተሻ ምን ያሳያል?

«በላቦራቶሪ ቫይረሱን የገደለ መድኃኒት ተገኘ» የሚል ዜና በተሰማ ቁጥር መድኃኒቱን ከፋርማሲ ለመግዛት የሚጣደፉ፣ አልፎ ተርፎም በሐኪም የታዘዘላቸውን እስከ ማቋረጥ የሚደርሱ ወገኖች አሉ። እንዲህ ያለው ዜና አብዛኛውን ጊዜ የሚመለከተው በሕዋስ ላይ የተደረገን ፍተሻ ነው። ፍተሻው የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን ለይቶ ማወቅ ከጉዳት ይጠብቃል።

የቫይረስ ኢንዛይሞችና የሚያግዷቸው መድኃኒቶች

ቫይረስ ብቻውን መራባት አይችልም፤ ወደ ሕያው ሕዋስ ገብቶ በሕዋሱ አቅም ይጠቀማል። ለአንዳንድ ተግባራት ግን የራሱ ኢንዛይሞች ያስፈልጉታል። ለአብነት ኤችአይቪ ሦስት ዋና ዋና ኢንዛይሞች አሉት፦

• ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ፦ የቫይረሱን አርኤንኤ ወደ ዲኤንኤ ይገለብጣል፤
• ኢንተግሬዝ፦ ይህንኑ ዲኤንኤ ከሰው ሕዋስ ዲኤንኤ ጋር ያዋህዳል፤
• ፕሮቲዬዝ፦ የቫይረሱን ረጃጅም ፕሮቲኖች ቆራርጦ ለአዲስ ቫይረስ ግንባታ ያዘጋጃል።

በአገራችን በመጀመሪያ ደረጃ የፀረ-ኤችአይቪ ሕክምና ከሚሰጡት መድኃኒቶች መካከል ዶሉቴግራቪር ኢንተግሬዝን፣ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ደግሞ ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝን ያግዳሉ።

ፍተሻው እንዴት ይከናወናል?

ጥቃቅን ጉድጓዶች ባሉት የፕላስቲክ ሰሌዳ ላይ ሕዋሳት እንዲያድጉ ይደረጋል። ከዚያም ቫይረሱና በተለያየ መጠን የተዘጋጀው መድኃኒት ይጨመሩባቸዋል። ጎን ለጎን ቫይረስ ያልገባባቸው ሕዋሳት ለዚያው መድኃኒት ይጋለጣሉ። በመጨረሻም ሁለት መጠኖች ይለካሉ፤ አንደኛው የቫይረሱን መራባት በግማሽ የሚቀንሰው ሲሆን፣ ሁለተኛው ጤናማዎቹን ሕዋሳት በግማሽ የሚጎዳው ነው። ቫይረሱን ለመግታት 1 መለኪያ የሚበቃ፣ ሕዋሱን ለመጉዳት ደግሞ 100 መለኪያ የሚያስፈልግ ከሆነ መድኃኒቱ ለቀጣይ ጥናት ተስፋ ሰጪ ነው። ሁለቱ መጠኖች ተቀራራቢ ከሆኑ ግን የቫይረሱ መቀነስ የሕዋሳቱ መሞት ውጤት ሊሆን ይችላል።

ኢንዛይሙን ለብቻው ነጥሎ መፈተሽም ይቻላል፤ ነገር ግን በቂ አይደለም። መድኃኒቱ የሕዋሱን ሽፋን አልፎ መግባት ይኖርበታል። እንደ ዚዶቩዲን ያሉት ደግሞ ሥራ የሚጀምሩት በሕዋሱ ውስጥ ኬሚካዊ ለውጥ ከተደረገባቸው በኋላ ነው። ዚዶቩዲን እ.ኤ.አ. በ1985 በሕዋስ ላይ ኤችአይቪን እንደሚገታ ከታየ በኋላ በሕሙማን ላይ ተሞክሮ፣ በመጋቢት 1987 በአሜሪካ የመጀመሪያው የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት ሆኖ ጸድቋል።

በሕዋስ ላይ የሠራ ሁሉ ሰውን አያድንም

የኮቪድ-19 ወረርሽኝ ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ሰጥቷል። የኤችአይቪን ፕሮቲዬዝ የሚያግደው ሎፒናቪር በሕዋስ ላይ የኮቪድ-19 ቫይረስንም ሲገታ ታይቷል። ይሁን እንጂ የሚያስፈልገው መጠን ከፍተኛ ነበር፤ በሰው ደም ውስጥ ደግሞ የመድኃኒቱ አብዛኛው ክፍል ከደም ፕሮቲኖች ጋር ስለሚጣበቅ ነፃ ሆኖ የሚሠራው ጥቂቱ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ በተካሄደው «ሪከቨሪ» የተሰኘ ጥናት ሎፒናቪር ከሪቶናቪር ጋር የተሰጣቸው 1,616 የሆስፒታል ታካሚዎች መድኃኒቱን ካልወሰዱት የተሻለ የመዳን ዕድል አላገኙም። በ28 ቀናት ውስጥ ከመጀመሪያዎቹ 23 በመቶ፣ ከኋለኞቹ 22 በመቶ ሕይወታቸው አልፏል።

በአንጻሩ ኒርማትሬልቪር የተዘጋጀው የኮሮና ቫይረሱን ፕሮቲዬዝ ለይቶ እንዲያግድ ነው። በሕዋስ ላይ ያሳየው ውጤት በሕሙማን ላይ በተደረገ ሙከራም ስለተረጋገጠ በታኅሣሥ 2021 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ አግኝቷል።

መድኃኒትን የተላመደ ቫይረስ

በሕዋስ ላይ የሚደረግ ፍተሻ ሌላም ጥቅም አለው። ተመራማሪዎች ቫይረሱን በአነስተኛ የመድኃኒት መጠን ውስጥ እያራቡ፣ መጠኑን ደረጃ በደረጃ በመጨመር መድኃኒቱን የሚቋቋም ዝርያ እንዴት እንደሚፈጠር ያጠናሉ። መድኃኒቱን እየዘለለ በሚወስድ ሰው ሰውነት ውስጥም ተመሳሳይ ሁኔታ ይከሰታል፤ በደሙ ያለው መጠን ዝቅ ሲል ቫይረሱ ይራባል፣ በሂደትም መድኃኒቱን ይላመዳል።

ተገልጋዮች ልብ ሊሏቸው የሚገቡ ነጥቦች

• የፀረ-ኤችአይቪ መድኃኒት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ ሳያቋርጡ በሰዓቱ መውሰድና የቫይረስ መጠን ምርመራን በቀጠሮው ማድረግ ያስፈልጋል።
• ሌላ መድኃኒት ሲታዘዝ የሚወስዱትን ለባለሙያ ማሳወቅ ይገባል። ለምሳሌ የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በደም ውስጥ ያለውን የዶሉቴግራቪር መጠን ይቀንሳል።
• ስለ አዲስ መድኃኒት ሲሰማ «የተሞከረው በሕዋስ ላይ ነው ወይስ በሰው ላይ?» ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።
• ያለ ሐኪም ትእዛዝ ፀረ-ቫይረስ መድኃኒት መግዛትም ሆነ ለሌላ ሰው ማካፈል አይገባም፤ ለተጨማሪ መረጃ በአቅራቢያ የሚገኝ ጤና ተቋም ባለሙያን ማማከር ይቻላል።