ጢስ መድኃኒት የሚሆነው እንዴት ነው?

ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች መንደር የምትኖር አክስት አለችኝ። በአንድ ክረምት ጥርሷን ክፉኛ አመማት። ጎረቤት የሆኑ ባልቴት መጡና እንደ ወጉ የአስተናግር ዘር በጋለ ብረት ላይ በትነው፣ ጢሱን በሸምበቆ ወደ አፏ እንድትስብ አደረጉ። ሕመሙ ታገሠላት። ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ፊቷ ቀላ፣ ምላሷ ደረቀ፣ የዐይኗ ብሌን ሰፋ፤ ከዚያም እስኪነጋ ድረስ በቤቱ ውስጥ ከሌሉ ሰዎች ጋራ ስታወራ አደረች። በማግሥቱ ሐኪም ቤት ተወስዳ ታከመችና ወደ ልቧ ተመለሰች።

ይህን ባየሁ ጊዜ ሁለት ጥያቄ አደረብኝ። አንደኛው፣ የተዋጠ ክኒን እስኪሠራ ግማሽ ሰዓትና ከዚያም በላይ ሲፈጅ፣ ጢስ እንዲህ ፈጥኖ የሚሠራው ስለ ምን ነው? ሁለተኛው፣ ያው ጢስ አንዱን አሳርፎ ሌላውን የሚያሳብደው እንዴት ነው? እኔ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ነኝ፤ የሳይንስ ጓደኞቼ በድንበራችን ገባ ብለው እንዳይቈጡኝ እየለመንሁ፣ መርምሬ ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ ስለ ተክሉ። አስተናግር፣ በሌላ ስሙ አጤ ፋሪስ፣ በኦሮምኛ አሳንጊራ የሚባለው፣ በየቆሻሻ መጣያውና በየመንገዱ ዳር የሚበቅል አረም ነው። የአማርኛ ስሙ ጠባዩን ይናገራል፤ የቀመሰውን ያስለፈልፋልና። በውስጡ አትሮፒንና ስኮፖላሚን የሚባሉ ቅመሞች አሉ። አትሮፒን በሐኪም እጅ ተለክቶ ሲሰጥ የታወቀ መድኃኒት ነው። ከዚሁ ዘር ተሻሽሎ የተሠራው ኢፕራትሮፒየም ዛሬ ትንፋሽ ለሚያጥረው ሰው በመተንፈሻ ይሰጣል። አውሮፓውያንም ቢሆኑ በ19ኛው መቶ ዓመትና ከዚያም በኋላ ለአስም የአስተናግር ሲጋራ ያጨሱ ነበር። ስለዚህ ባልቴቷን አላዋቂ ብሎ መሣቅ ራስን ማስገመት ነው።

ወደ ፍጥነቱ እንምጣ። በርበሬ በምጣድ ላይ ሲታመስ ቤተ ሰቡ ሁሉ በሳል የሚታፈነው ለምንድን ነው? የሚያቃጥለው ነገር በሙቀት ተነሥቶ፣ ወዲያው በአየር ውስጥ ቀዝቅዞ እጅግ ረቂቅ ጉም ስለሚሆንና ከትንፋሽ ጋራ ስለሚገባ ነው። የሰው ሳንባ ውስጡ ቢዘረጋ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ግድግዳውም በጣም ስስ ነው። ከሳንባ የሚወጣው ደም ወደ ልብ፣ ከልብም ወደ አንጎል በጥቂት ሴኮንድ ይደርሳል። ክኒን ግን ሆድንና ጉበትን አልፎ መሄድ አለበት።

ሆኖም ጉሙ ልክ አለው። ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው። ከ5 ማይክሮን የሚተልቀው ጠብታ አብዛኛው በጉሮሮ ይቀራል፤ ከአንድ ማይክሮን በጣም ያነሰው ብዙውን ጊዜ ከትንፋሽ ጋራ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ሳንባ ጥልቅ የሚወርደው በመካከል ያለው ነው።

አሁን ዋናው ችግር መጣ። የባሕር ዛፍ ቅጠል አፍልተን ስንታጠን የሚነሣው በቀላሉ የሚተን ዘይት ስለ ሆነ የውሃ እንፋሎት ይበቃዋል። ብዙው መድኃኒት ግን ካልጋለ አይነሣም፤ ሲግል ደግሞ ይቃጠላል። ይኸውም ሙቀት ሁለት ሥራ በአንድ ጊዜ ይሠራል ማለት ነው፤ አንዱ መድኃኒቱን ማትነን፣ ሌላው መድኃኒቱን መሰባበር። ክምር ነገር ቀስ በቀስ ሲሞቅ፣ ከሥር ያለው መውጫ አጥቶ እዚያው ያርራል። ስስ ሆኖ የተዘረጋ ነገር በቅጽበት ሲሞቅ ግን ሳይሰበር ብድግ ብሎ ይነሣል። ቡና የሚቈላ ሰው ይህን ያውቃል፤ ምጣዱን ከመጠን በላይ ሞልቶ የቈላ እንደ ሆነ ከፊሉ ሲያር ከፊሉ ጥሬ ይቀራል።

በአሜሪካ አሌክዛ የተባለ ኩባንያ መሣሪያውን የሠራው በዚህ ሐሳብ ነው። መድኃኒቱ በብረት ዝርግ ላይ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ውፍረት ኖሮት ይቀባል። በሽተኛው አየር ሲስብ መሣሪያው በራሱ ይነሣና ብረቱ ከአንድ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ወደ 400 ዲግሪ ገደማ ይግላል። መድኃኒቱ ይተናል፤ በሚሳበው አየር ቀዝቅዞም ከ1 እስከ 3 ማይክሮን የሚሆን ጉም ይሆናል። ሎክሳፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት በዚህ መንገድ እንዲሰጥ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. በአሜሪካ ተፈቀደ፤ የተፈቀደውም ሕመሙ ተነሥቶበት ለሚታወክ በሽተኛ ነው። በዚያ የተፈቀደው መጠን 10 ሚሊግራም ነበር።

እንግዲህ በአክስቴ ቤትና በዚያ መሣሪያ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ሁለቱም የጋለ ብረት ናቸው፤ ሁለቱም በትንፋሽ ይሠራሉ። ልዩነቱ ልክ ነው። ባልቴቷ በዚያ ዘር ውስጥ ስንት ሚሊግራም መርዝ እንዳለ ሊያውቁ አይችሉም፤ ተክሉ ከቦታ ቦታ፣ ከወቅት ወቅት ኀይሉ ይለያያልና። ከጢሱም ጋራ ጥላሸቱና ያረረው ሁሉ አብሮ ይገባል።

ደግሞም የፈረንጁን መሣሪያ አናምልክ። ያ የተለካ ጉም እንኳ የመተንፈሻን ቧንቧ በድንገት ሊያጠብብ ስለሚችል አስም ላለበት ሰው ክልክል ነው፤ ሲፈቀድም እንዲህ ያለውን አደጋ ለማከም በተዘጋጀ ሐኪም ቤት ብቻ እንዲሰጥ ተወስኖ ነው። የተለካው እንዲህ ከሆነ፣ ያልተለካው ምን ያህል ይሆን?

ጓደኞቼ ሆይ፤ ከእኛ መካከል ነገ በነጆ፣ በመንዲ፣ በደምቢ ዶሎ አስተማሪ የሚሆን አለ። ወደዚያ ስንሄድ አባቶቻችንን በስድብ ሳይሆን በማስረዳት እንቅረባቸው። «መንገዱን አግኝታችኋል፤ የጎደለው ሚዛኑ ነው» እንበላቸው። ሚዛኑ እስኪገኝ ድረስ ግን የአስተናግር ጢስ ከልጆችና ትንፋሽ ከሚያጥራቸው ሰዎች ይራቅ፤ ጥርሱን የታመመም ወደ ሐኪም ይሂድ። አክስቴ ዛሬ ደኅና ናት፤ ያን ሌሊት ከማን ጋራ ስታወራ እንዳደረች ግን እስከ አሁን አታውቅም።