«በጀት አለ፤ ለዚህ ግን የለም»

በዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሠራ ወይም የተማረ ሰው ይኸን ነገር ሳይሰማ አይቀርም። መምህሩ ማመልከቻውን ይዞ ፋይናንስ ክፍል ይሄድና «በጀት የለም» ተብሎ ይመለሳል። በዚያው ሳምንት ከጎኑ ያለው ሕንፃ ቀለም ሲቀባ ያያል። ከዚያ በኋላ የሚባለው የታወቀ ነው፤ «ለቀለም ሲሆን አለ፣ ለትምህርት ሲሆን የለም!» ይላል። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ቅሬታው እውነት ይመስላል፤ አንዳንዴም እውነት ነው። ብዙውን ጊዜ ግን መምህሩና የሒሳብ ሰው የሚነጋገሩት ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው።

ለመሆኑ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ወይም የትምህርት ክፍል ውስጥ «ከፍተኛ የፋይናንስ ባለሙያ» የሚባለው ሰው ምን ይሠራል? ብዙዎቻችን ደመወዝ የሚከፍልና ደረሰኝ የሚሰበስብ ይመስለናል። ደመወዝ የሚከፍለው ገንዘብ ያዡ ነው። ደረሰኝ መሰብሰብም ቢሆን የሥራው ትንሹ ክፍል ነው። ዋናው ሥራ ትምህርት ክፍሉ የሚፈልገውን ነገር፣ ለዚያ ነገር ከተፈቀደው ገንዘብ ጋር፣ ጊዜው ሳያልፍ ማገናኘት ነው። እዚህ የግድግዳ ጋዜጣ ላይ ማንሣታችንም ያለ ምክንያት አይደለም። እጩ መምህር የሆነ ሁሉ ነገ ርዕሰ መምህር ወይም የትምህርት ክፍል ኃላፊ ሆኖ «ይከፈል» ብሎ ሊፈርም ይችላልና።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ያለ ብር ሁሉ ስም ያለው መሆኑ ነው። በፌዴራል መንግሥት የሒሳብ አያያዝ የወጪ ስሞች በቁጥር ይጠራሉ። በ61 የሚጀምሩት ለሰው ኃይል የሚወጡ ናቸው፤ 6111 የቋሚ ሠራተኞች ደመወዝ ነው። በ62 የሚጀምሩት ለዕቃና ለአገልግሎት ናቸው፤ የጽሕፈት መሣሪያ በ6212፣ ነዳጅና ቅባት በ6217፣ ውሎ አበል በ6231 ይመዘገባል። በ63 የሚጀምሩት ቋሚ ንብረትና ግንባታ፣ በ64 የሚጀምሩት ደግሞ ሌሎች ክፍያዎች ናቸው። በዚህ ላይ መደበኛና ካፒታል የሚባል ክፍፍል አለ። ለካፒታል ሥራ የተፈቀደውን ወደ መደበኛ ወጪ ማዛወር ሕጉ አይፈቅድም። እንግዲህ ለሕንፃ የተያዘ ካፒታል ገንዘብ ሰባት ዓይነት ማመልከቻ ቢጻፍለት ጠመኔና ኬሚካል አይሆንም። ባለሙያው «መምህር፣ በጀት አለ፤ ለዚህ ግን የለም» ሲል ማሾፉ አይደለም፤ ቃል በቃል እውነቱን ነው የሚናገረው።

ስሙ ብቻ ሳይሆን ምንጩም ይለያያል። ከመንግሥት ግምጃ ቤት የሚመጣ አለ፤ ዩኒቨርሲቲው ከማታና ከተከታታይ ትምህርት፣ ከምክር አገልግሎት የሚያገኘው የውስጥ ገቢ አለ፤ ከረጂ ድርጅት ለአንድ ምርምር ብቻ የተሰጠ አለ። የረጂው ገንዘብ በተለየ የባንክ ሒሳብ ይቀመጣል፣ ሪፖርቱም ለሰጪው ይላካል። በ2015 ዓ.ም. ስለ ራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ ቁጥር 1294 ከወጣና አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የውስጥ ገቢ ጉዳይ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝቷል። ይህ ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ እዚህ አናራዝመውም።

አሁን ወደ ዋናው ችግር እንምጣ። ችግሩ የቀን መቁጠሪያ ነው።

የመንግሥት የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ ሰኔ 30 ያበቃል። የትምህርት ዓመት የሚጀምረው ግን ክረምቱ ሲወጣ ነው። አዲሱ በጀት ሲከፈት መምህሩ በእረፍት ላይ ነው፣ ትምህርት ክፍሉም ተዘግቷል። መምህሩ ተመልሶ ተማሪ ተመዝግቦ፣ ክፍል ተደልድሎ «ቤተ ሙከራው ምን ይጎድለዋል?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ጥቅምት ወይም ኅዳር ሆኗል፤ ከበጀት ዓመቱ አራት ወር ሄዷል ማለት ነው። ግልጽ ጨረታ ደግሞ የሌሊት እንግዳ አይደለም። የዕቃው ዝርዝር መግለጫ ይዘጋጃል፣ ማስታወቂያ ይወጣል፣ ተጫራቾች ጊዜ ይሰጣቸዋል፣ ሰነዱ ተከፍቶ ይገመገማል፣ ቅሬታ ካለ ይሰማል፣ ውል ይፈረማል፣ ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ከሆነ ይጠበቃል። በኅዳር የተጠየቀ ኬሚካል በግንቦት ቢደርስ እንደ ዕድል ይቆጠራል። በግንቦት ደግሞ ያንን ሙከራ መሥራት የነበረበት ተማሪ አሲዱን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ አይቶ ለፈተና ተቀምጧል። ይህ ተማሪ መምህር ሆኖ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሲመደብ ያላየውን ነው የሚያሳየው።

እንግዲህ ጎበዝ የፋይናንስ ባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። የበጀት ጥሪ በየካቲት አካባቢ ሲመጣ ወረቀቱን ለትምህርት ክፍሉ ጸሐፊ ሰጥቶ «ሙሉና መልሱ» አይልም። ካለፈው ዓመት ከዕቃ ግምጃ ቤት ምን ያህል እንደወጣ ቆጥሮ፣ የተማሪውን ቁጥር ጠይቆ፣ ከቤተ ሙከራ ረዳቱ ጋር ተቀምጦ ይሠራዋል። በመጪው ኅዳር ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚፈሰው አሲድ በዚህ የካቲት ወረቀት ላይ መፍሰስ አለበት። በጀቱ በሰኔ ከጸደቀ የግዥ ዕቅዱ ዝግጁ ስለሆነ ጨረታው በሐምሌ ይወጣል፤ መምህሩ ከእረፍት ሲመለስ ዕቃው መንገድ ላይ ነው። ይህን የሚያደርግ ባለሙያ ያለው ትምህርት ክፍል ከሌለው ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ እያለ የሁለት አገር ያህል ይለያያል። ጣጣው ባለሙያው በትምህርት ክፍሉ ስብሰባ ላይ አለመጠራቱ ነው። «የሒሳብ ሰው ስለ ትምህርት ምን ያውቃል?» ይባላል። በኛ አስተያየት ይህ ትልቅ ጥፋት ነው።

በዕቅድ ጊዜ ትንሽ የምትመስል ነገር ትልቅ ጉድጓድ ትቆፍራለች። ለምሳሌ አንድ መምህር ከነጋዴ ፕሮፎርማ አምጥቶ የማይክሮስኮፖች ዋጋ 400,000 ብር ብሎ ያስይዛል እንበል። የተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ አልተሰላም። ዕቃው ሲገዛ 460,000 ብር ሆኖ ይመጣል፤ 60,000 ብሩን የሚሸፍን መደብ የለም፤ ግዥው ይቆማል። በጽሑፍ አንድ መስመር የሚሆን ስሌት ነበር።

ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ደግሞ ሌላ ነው። የ2017 በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ከጀመረ ሦስት ሳምንት እንዳለፈ፣ ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። 8,000 ዶላር የሚያወጣ ኬሚካል ያቀደ ትምህርት ክፍል በ57 ሲያሰላ 456,000 ብር ነበር የያዘው፤ በ100 ሲሰላ 800,000 ብር ይሆናል። የጸደቀው በጀት ያው ነው፤ የሚገዛው ግን ወደ ግማሽ ገደማ ወረደ። እንዲህ ሲሆን ባለሙያው ብቻውን የሚወስነው ነገር የለም። የትኛው ሙከራ ይቅደም፣ የትኛው በአገር ውስጥ በሚገኝ ነገር ይተካ የሚለውን መምህራኑ ናቸው የሚያውቁት። የባለሙያው ድርሻ ጉዳዩን ሳይደብቅ በቶሎ መናገርና ከሌላ መደብ ሊዛወር የሚችል ገንዘብ ካለ የዝውውር ጥያቄውን ማዘጋጀት ነው።

ስለ ፎርሞች ትንሽ እንበል፤ ሰው ሁሉ የሚያማርረው በነሱ ነውና። ዕቃ ሲገባ ንብረት ክፍሉ በሞዴል 19 ይረከባል። ትምህርት ክፍሉ ሲፈልግ በሞዴል 20 ይጠይቃል፤ በሞዴል 22 ይወጣለታል። ለነጋዴው ከመከፈሉ በፊት ሦስት ወረቀት ይተያያል፦ ውሉ ወይም የግዥ ትዕዛዙ፣ የነጋዴው ደረሰኝና ሞዴል 19። ሦስቱ በቁጥርም በዓይነትም ካልተገናኙ ባለሙያው አይከፍልም። ይህ ድርቅና አይደለም። ዕቃው መጣ ተብሎ ሲከፈል፣ የመጣው ግን የአገልግሎት ጊዜው ሁለት ወር የቀረው ኬሚካል ቢሆን ማን ይጠየቃል? የሒሳብ ሰው ኬሚካል አያውቅም። ስለሆነም መምህሩ የቴክኒክ ርክክብ ኮሚቴ አባል ሆኖ ሲመደብ «ሥራ በዝቶብኛል» ብሎ ሳያይ መፈረም የለበትም። ጠርሙሱን አንሥቶ ቀኑን ማንበብ ያለበት እሱ ነው።

ግዥን መከፋፈልም እንዲሁ ነው። በአነስተኛ ዋጋ በፕሮፎርማ የሚገዛ ነገር አለ፤ ከፍ ሲል ጨረታ ያስፈልጋል። አንዱን ትልቅ ግዥ ከጨረታ ለማምለጥ ሲባል አራት ቦታ ሰባብሮ ማቅረብ ክልክል ነው። በአዋጅ ቁጥር 649/2001 ጊዜም ክልክል ነበር፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1333 አዋጁን ከተካውም በኋላ የተፈቀደ ነገር አልሆነም። ጥያቄው ከቅንነት ሊመጣ ይችላል፤ «ተማሪዎቹ እየጠበቁ ነው» ይባላል። የልምድ ባለሙያ ግን ይህን በዓይኑ አይቶ ያውቀዋል፣ ኦዲተሩም ያውቀዋል።

እጩ መምህራንን በቀጥታ የሚነካው ግን ያልተወራረደ ሒሳብ ነው። አንድ መምህር በማስተማር ልምምድ ላይ ያሉ ተማሪዎችን ለመጎብኘት ወደ ወረዳ ሲሄድ ውሎ አበሉን በቅድሚያ ይወስዳል። ያ ገንዘብ በመዝገብ ላይ ወጪ አይደለም፤ ተሰብሳቢ ነው፣ በመምህሩ ስም የተያዘ ዕዳ ማለት ነው። ተመልሶ የሄደበትን ማስረጃና ሪፖርቱን አቅርቦ ሲያወራርድ ነው ወጪ የሚሆነው። ብዙ ሰው ከመስክ ሲመለስ ደክሞታል፤ ወረቀቱ በቦርሳ ውስጥ ይቀራል፤ ሳምንቱ ወር ይሆናል። የቀድሞውን ያላወራረደ ሰው አዲስ ቅድሚያ ክፍያ አይሰጠውም። እንግዲህ ሁለተኛው የመስክ ጉዞ ሲደርስ መምህሩ ይከለከላል። በሩቅ ትምህርት ቤት ውስጥ ቆማ የምታስተምረው ልጅ፣ ማስታወሻዋን አዘጋጅታ ጠብቃ ጠብቃ፣ ማንም ሳያያት ልምምዱ ያልቃል። ውጤቷን የሚሞላው ሰው በግምት ይሞላል። የፌዴራል ዋና ኦዲተር ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርባቸው ሪፖርቶች ላይ በወቅቱ ያልተወራረደ ተሰብሳቢ በተደጋጋሚ የሚነሣ ጉዳይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲዎችም ከዚህ አላመለጡም። ሪፖርቱ ላይ የሚታየው የብሩ ቁጥር ብቻ ነው፤ ልጅቷ አትታይም።

ታዲያ ባለሙያው እዚህ ላይ ምን ማድረግ ይችላል? ቁጭ ብሎ «አላወራረድክም» ማለት ቀላል ነው። የተሻለው ግን መምህሩ ገንዘቡን በሚወስድበት ቀን ሲመለስ የሚያመጣውን ወረቀት ዝርዝር በአንድ ቅጠል ጽፎ አብሮ መስጠት ነው፤ የተጎበኘው ትምህርት ቤት ማኅተም የት ላይ እንደሚያርፍ፣ ቀኖቹ እንዴት እንደሚጻፉ፣ ትርፍ ገንዘብ ካለ ለማን እንደሚመለስ። መምህሩ የሒሳብ ሕግ እንዲያጠና አይጠበቅም፤ ወረቀቱን ይዞ እንዲመለስ ግን ይጠበቃል።

አንድ ሰው ብቻውን ጠይቆ፣ ፈቅዶ፣ ከፍሎ፣ መዝግቦ የማይጨርሰውም በምክንያት ነው። ጠያቂው ትምህርት ክፍሉ ነው፤ በጀት መኖሩንና ደንቡ መጠበቁን የሚያረጋግጠው ባለሙያው ነው፤ የሚያጸድቀው ዲኑ ወይም ሥልጣን የተሰጠው ኃላፊ ነው፤ ገንዘቡን የሚሰጠው ገንዘብ ያዡ ነው፤ መዝገቡን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ፊርማው ሲበዛ ያሰለቻል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ፊርማ የተለየ ነገር ይመሰክራል። የትምህርት ክፍል ኃላፊው ሲፈርም «ሥራው ተሠርቷል፣ ዕቃው ደርሷል» እያለ ነው። የሒሳብ ሰው ያንን አይቶ አላየም፤ የኃላፊውን ቃል ነው የሚያምነው።

እውነቱን ለመናገር ፎርሙን እንደ ጋሻ የሚይዝ ባለሙያም አለ። «አይቻልም» ይልና የሚቻለውን መንገድ አይናገርም። ሰው ሦስት ጊዜ ተመላልሶ በየጊዜው አንድ የጎደለ ወረቀት ይነገረዋል። ሦስቱን በመጀመሪያው ቀን መንገር ይቻል ነበር። ደንቡ ዝም በል አይልም።

የዓመቱ መጨረሻ ሲደርስ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ይመጣል። በሰኔ የፋይናንስ ክፍሉ በር ላይ ሰልፍ ነው። ያልተሠራበት የመንግሥት በጀት ሰኔ 30 ካለፈ በትምህርት ክፍሉ እጅ አይቆይም፤ ስለዚህ «ይቃጠላል» እየተባለ ማንም ያልጠየቀው ወንበርና ፋይል ማስቀመጫ ይገዛል፤ ኬሚካሉ ግን ጊዜ የለውም። ዕቃው ወይም አገልግሎቱ እስከ ሰኔ 30 ተረክቦ ክፍያው ብቻ ከቀረ እስከ ሐምሌ 30 ድረስ የችሮታ ጊዜ አለ። በችሮታ ጊዜ አዲስ ግዥ አይጀመርም፤ የተረከቡት ብቻ ይከፈላል። ባለሙያው በዚያ ወር የባንክ ሒሳቡን ከመዝገቡ ጋር ያስታርቃል፤ ያላወራረዱትን በስም ዝርዝር አውጥቶ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጥፋል፤ ንብረት ክፍሉ ቆጠራውን ይጨርሳል፤ መዝገቡ ይዘጋል። በሌላው ዴስክ ላይ ደግሞ የአዲሱ ዓመት የግዥ ዕቅድ ተከፍቶ የትምህርት ክፍሉን ዝርዝር መግለጫ ይጠብቃል።