ትልቅ ውሻ ይዞ ካምፕ መውጣት፦ «ምንም አያደርግም» ማለት አይበቃም

በፋሲካና በዳስ በዓል፣ እንዲሁም ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው በጁላይና በኦገስት ወራት፣ የኪኔሬት ዳርቻ፣ የገሊላና የጎላን የድንኳን ሥፍራዎች፣ የኬረን ካዬሜት ደኖችም በሰው ይሞላሉ። ከማኅበረሰባችንም ድንኳኑንና ማንጋሉን ጭነው የሚወጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው። በዚህ አገር ተወልደው ያደጉ ልጆቻችን ደግሞ ውሻ ይወዳሉ፤ ያውም ትልቅ ውሻ። ወጣቱ ውሻውን ከመኪናው ኋላ አስቀምጦ ሲመጣ፣ አያቱ ከድንኳኑ ለመውጣት ይፈራሉ፣ የጎረቤት ሕፃን ያለቅሳል፣ የሕፃኑ አባት ይቆጣል። በዓል ለማክበር የወጣ ሰው ተጣልቶ ይመለሳል። ሕፃን ከተነከሰ ደግሞ ነገሩ ከጠብም ያልፋል።

በጎንደርም ሆነ በትግራይ ገጠር ውሻ የቤት ዘበኛ ነበር። ቀን ታስሮ ይውላል፣ ማታ ይለቀቃል፣ ጅብና ሌባ ያባርራል፣ ከቤት ውስጥ ግን አይገባም። እንግዳ ሲመጣ ከሩቅ ቆሞ «ውሻ ያዙልኝ!» ብሎ ይጣራል። ባለቤቱም ወጥቶ ውሻውን ይዞ እንግዳውን ያሳልፈዋል። እንግዳው ፈሪ ተብሎ አይሳቅበትም ነበር፤ ውሻ መያዝ የባለቤቱ ሥራ መሆኑን ሁሉም ያውቃልና። ሽማግሌዎቻችን እዚህ አገር የተለቀቀ ውሻ ሲያዩ የሚደነግጡት ኋላ ቀር ስለሆኑ አይደለም። የተናከሰ ውሻ ምን እንደሚያመጣ ስለሚያውቁ ነው።

እዚህ ግን ውሻው እየሮጠ ወደ እናንተ ሲመጣ ባለቤቱ ከሩቅ ሆኖ «ሁ ሎ ኦሴ ክሉም» ይላል። ምንም አያደርግም ማለቱ ነው። ምናልባት እውነቱን ይሆናል፤ በገዛ ቤቱ፣ ከሚያውቃቸው ሰዎች ጋር ምንም አያደርግ ይሆናል። ካምፕ ግን ቤቱ አይደለም። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንደሚባለው፣ ውሻው አንድ ጊዜ ከድንኳኑ አጠገብ ከበላና ከተኛ ያንን ቦታ የራሱ አድርጎ ሊጠብቀው ይነሳል። ሌሊት ቀበሮዎች ሲያላዝኑ ይሰማል፣ የማያውቀው ሽታ ከየአቅጣጫው ይመጣበታል፣ በቂ እንቅልፍ አያገኝም። በዚህ መካከል አንድ ልጅ ባትሪ እያበራ ወደ ሽንት ቤት ሲሄድ ከድንኳኑ ጥግ ድንገት ብቅ ይላል። ቤት ውስጥ የዋህ የነበረው ውሻ ይህን ልጅ እንደ ሌባ ቢቆጥረው ሊያስደንቀን አይገባም።

ሕጉ ምን ይላል? በ2002 በወጣው የውሾች ቁጥጥር ሕግ መሠረት ማንኛውም ውሻ ፈቃድ ሊኖረው፣ ከቆዳው ሥር መለያ ቺፕ ሊገባለትና በየዓመቱ የዕብድ ውሻ በሽታ ክትባት ሊወስድ ይገባል። ከባለቤቱ ግቢ ሲወጣ ደግሞ ከ5 ሜትር በማይበልጥ ገመድ፣ ሊቆጣጠረው በሚችል ሰው መያዝ አለበት። «ሊቆጣጠረው በሚችል» የሚለውን ልብ ይበሉ። ወንድ ሮትዌይለር 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ የ10 ዓመት ልጅ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ነው። ውሻው ድመት አይቶ ቢነሳ ልጁን እየጎተተ ይሄዳል እንጂ ልጁ አያስቆመውም።

በእኔ አስተያየት 5 ሜትር ራሱ ለካምፕ በጣም ረጅም ነው። አንድ ቦታ ቆመው ውሻውን በ5 ሜትር ገመድ ቢይዙት ወዲህም ወዲያም 5 ሜትር ሊሄድ ይችላል፤ ከዳር እስከ ዳር 10 ሜትር ማለት ነው። በበዓል ቀን ድንኳኖች በ3 እና በ4 ሜትር ርቀት ስለሚተከሉ፣ ውሻዎ ሕግ ሳይጥስ የጎረቤትዎ ማንጋል ላይ ይደርሳል። በሰው መካከል 1 ሜትር ተኩል ወይም 2 ሜትር ገመድ ይበቃል። በመዘውር የሚረዝምና የሚያጥር ቀጭን ገመድ ከሆነማ ጭራሽ ቤት ይተውት። በሚሮጥ ልጅ እግር ላይ ከተጠመጠመ ቆዳውን ያቃጥለዋል፤ ምሽት ላይም አይታይም።

ከዛፍ አስሮ ወደ ውሃው መሄድ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው። ነገር ግን የታሰረ ውሻ የተያዘ ውሻ አይደለም። ታስሮ ብቻውን የቀረ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ያውቃል፤ ስለዚህ የሚያስፈራው ነገር ሲቀርበው ያለው ምርጫ መናከስ ብቻ ይሆናል። ልጆች ደግሞ ታስሮ ሲያዩት ይደፍሩታል፣ ይጠጉታል፣ ምግብ ይወረውሩለታል። ከቤተሰቡ አንድ አዋቂ ተራ ገብቶ አብሮት ይቀመጥ። ይህን ማድረግ የማይችል ቤተሰብ ውሻውን ለዘመድ ሰጥቶ ቢወጣ ይሻለዋል።

በ2004 በወጣው ደንብ አደገኛ ተብለው የተዘረዘሩ 8 ዝርያዎች አሉ፦ አምስታፍ፣ ፒትቡል፣ ሮትዌይለር፣ ቡል ቴሪየር፣ ስታፎርድሻየር ቡል ቴሪየር፣ ዶጎ አርጀንቲኖ፣ ፊላ ብራዚሌይሮና ቶሳ ኢኑ። ከእነዚህ ጋር ተዳቅለው የሚመስሏቸውም ይጨመራሉ። እንዲህ ያለውን ውሻ ከቤት ውጭ የሚይዘው ሰው ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች መሆን የለበትም፤ ውሻውም የአፍ መዝጊያ (ማኽሶም) ማድረግ አለበት። ወጣቶቻችን «ውሻዬ እንደዚያ አይደለም» ይላሉ። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሕጉ ግን ስለ ዝርያው እንጂ ስለ ጠባዩ አይጠይቅም። የአፍ መዝጊያው እንደ ቅርጫት የተሠራና ውሻው አፉን ከፍቶ ሊያለከልክና ውሃ ሊጠጣበት የሚችል ይሁን። ውሻ በላብ ሳይሆን በማለክለክ ስለሚቀዘቅዝ፣ አፉን አጥብቆ የሚያስረው የጨርቅ ዓይነት በሙቀት ቀን ሊገድለው ይችላል። ከጉዞው ሁለትና ሦስት ሳምንት አስቀድመው ቤት ውስጥ ጥቂት በጥቂት ያለማምዱት።

ቦታ ከመያዝዎ በፊት ውሻ ይገባ እንደሆነ ስልክ ደውለው ይጠይቁ። በተፈጥሮና ፓርኮች ባለሥልጣን ሥር ያሉት ሥፍራዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ደንብ የላቸውም። ለምሳሌ ወደ ዔን ጌዲ የተፈጥሮ ክልል ውሻ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከቤርሼባ ድረስ ነድቶ በር ላይ መመለስ፣ ወይም ከዚያ የባሰው፣ ውሻውን መኪና ውስጥ ቆልፎ መግባት ይመጣል። በእስራኤል የበጋ ፀሐይ የተዘጋ መኪና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እንደ ምድጃ ይሆናል፤ መስኮቱን ጥቂት ከፈት ማድረግም አያድነውም።

ካምፑ ሲደርሱ ድንኳንዎን ከዳር ይትከሉ፤ ከሽንት ቤቱ፣ ከውሃ ቧንቧውና ከልጆች መጫወቻው ራቅ ይበሉ። ከዚያ ዕቃ ከማራገፍዎ በፊት፣ ውሻውን መኪናው አጠገብ ለሌላ ሰው አስይዘው፣ ወደ ጎረቤት ሄደው ሰላም ይበሉ። «እማማ፣ ውሻ ይዘናል። ከእጃችን አይለይም። በየት በኩል ብናልፍ ይሻልዎታል?» ቢሏቸው፣ የፈሩት እናት እንኳ ልባቸው ያርፋል። «አይዞዎት፣ ይንኩት፣ ይለምዱታል» ማለት ግን ክፉ ልማድ ነው። ሰው ፍርሃቱን በእርስዎ በዓል ቀን እንዲተው አይገደድም።

የማንጋሉ ሰዓት ከሁሉ የከፋው ሰዓት ነው ብል አላጋነንኩም። ሥጋ ይሸታል፣ ልጆች ክንፍና ኬባብ ይዘው ወዲያ ወዲህ ይሮጣሉ፣ የአንድ የ4 ዓመት ልጅ እጅ ደግሞ ልክ በትልቅ ውሻ አፍ ትክክል ነው። ውሻውን አስቀድመው፣ ልጆች በሌሉበት፣ ለብቻው ያብሉት። በማንጋሉ ጊዜ በድንኳኑ ውስጥ ወይም ራቅ ብሎ ከአንድ አዋቂ ጋር ይቆይ። የተጠበሰ የዶሮ አጥንት አይስጡት፤ እየተሰነጠቀ አንጀቱን ይወጋል። ሌሊት ከቤተሰቡ ጋር በድንኳን ውስጥ ይደር እንጂ ውጭ አይታሰር። ዓይነ ምድሩንም በከረጢት ያንሱ፤ በነጋታው እዚያ ሣር ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ የሚበላ ቤተሰብ ይኖራል።

ልጆችንስ? ውሻ ያላቸውም የሌላቸውም ወላጆች ከመውጣታቸው በፊት ለልጆቻቸው ሊነግሩ የሚገባ ነገር አለ። የሚበላ፣ የሚተኛ፣ የታሰረ ወይም ቡችሎች ያሉት ውሻ አይነካም። የሌላ ሰው ውሻ ባለቤቱ ሳይፈቅድ አይነካም፤ ከተፈቀደም ልጁ ቆሞ ውሻው ራሱ መጥቶ ያሽትተው፣ ከዚያ ከጭንቅላቱ በላይ ሳይሆን ደረቱን ያሻሸው። ማቀፍና ፊትን ወደ ፊቱ ማስጠጋት አይገባም፤ ትንንሽ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚነከሱት ፊታቸውን ነውና። የተለቀቀ ውሻ ከመጣባቸው እንዳይሮጡ፣ እንዳይጮኹ፣ ዓይኑን ትክ ብለው እንዳያዩት፣ እጃቸውን ወደ ሰውነታቸው ሰብስበው እንደ ዛፍ ቀጥ ብለው እንዲቆሙ ያስተምሯቸው። ከወደቁ ተኮራምተው፣ አንገታቸውንና ጆሮአቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ። ይህን ቤት ውስጥ እንደ ጨዋታ ሁለት ሦስት ጊዜ ቢያለማምዷቸው በድንጋጤ ሰዓት ያስታውሱታል።

ጅራቱን የሚያወዛውዝ ውሻ ሁሉ ደስተኛ አይደለም። ሰውነቱ ከደረቀ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ሳይበላ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ እንቅልፍ ሳይመጣው ካዛጋ፣ «ተዉኝ» እያለ ነው። ካጉረመረመ ደግሞ ልጁን ያርቁ እንጂ ውሻውን አይምቱት። ስላጉረመረመ የሚመታ ውሻ ማስጠንቀቁን ይተውና በሌላ ጊዜ ሳያጉረመርም ይነክሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ውሻ ሰው ቢነክስ፣ ቁስሉ ትንሽ ቢሆንም እንኳ ወዲያውኑ በሚወርድ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ያህል ይጠቡት። ብዙ ደም ከፈሰሰ 101 ይደውሉ። ከዚያ ወደ ሐኪም፣ ሳይዘገዩም ወደ ጤና ጥበቃ ቢሮ (ሊሽካት ሀብሪኡት) ይሂዱ፤ የዕብድ ውሻ በሽታ ክትባት ያስፈልግ እንደሆነ የሚወስኑት እነሱ ናቸው። አገር ቤት በዚህ በሽታ ስለሞተ ሰው ያልሰማ ያለ አይመስለኝም። ምልክቱ ከታየ በኋላ መዳን የለም ማለት ይቻላል፤ በጊዜ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። በሽታው ከእስራኤልም አልጠፋም። በ2017 መጨረሻና በ2018 በጊልቦዓና በቤት ሸዓን አካባቢ በቀበሮዎች መካከል በርትቶ ነበር። ስለዚህ በካምፕ የሚዞር ቀበሮ ወይም ባለቤት አልባ ውሻ ሰው ሳይፈራ ከቀረበ አያብሉት፣ ልጆችንም ያርቁ።

የነከሰው ውሻ ባለቤት ካለው ስሙን፣ ስልኩንና የውሻውን የክትባት ወረቀት ፎቶ ይውሰዱ። ውሻው ለ10 ቀን በእንስሳት ሐኪም ክትትል ሥር ይቆያል። ባለቤቱም «ከዚህ በፊት ነክሶ አያውቅም» ብሎ ከካሳ አያመልጥም። በእስራኤል ሕግ ውሻ ላደረሰው የአካል ጉዳት ባለቤቱ ጥፋት ባይኖርበትም ተጠያቂ ነው፤ ነፃ የሚሆነው የተነከሰው ሰው ውሻውን የተነኮሰ፣ ባለቤቱን ወይም ቤተሰቡን የመታ ወይም ያለ ፈቃድ ግቢው የገባ እንደሆነ ነው። የእርስዎ ውሻ ከሆነ የነከሰው፣ ዕቃ ሰብስበው አይሂዱ። ያ ቤተሰብ ውሻው መከተቡን ካላወቀ ልጁ ያለ አስፈላጊነት ብዙ መርፌ ሊወጋ ይችላልና፣ የክትባቱን ወረቀት በእጅዎ ይስጡት።