ሲም ካርድ ያለው የዝናብ መለኪያ

ድሮ የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ሰው ሄዶ ያነበዋል፤ መዝገብ ላይ ያሰፍረዋል። ዛሬ የሚተከሉት አውቶማቲክ ጣቢያዎች ግን ሶላር፣ ባትሪና ሲም ካርድ አላቸው። የዝናቡንና የሙቀቱን ልክ በስልክ ኔትወርክ ወደ ማዕከል ይልካሉ። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም እንዲህ ያሉ ጣቢያዎችን ይጠቀማል።

«ይህ ለቤተሰብ ምኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። እኔ የእብናት ልጅ ነኝ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ትልቅ የረሃብተኞች መጠለያ የቆመባት እብናት። በእኛ አገር የዝናብ ወሬ የእንጀራ ወሬ ነው። ጤፍ መቼ ይዘራ? እርዳታ ለየትኛው ወረዳ ይቅደም? ርብ ሞልቶ ፎገራን ከማጥለቅለቁ በፊት ከብቱ ይሽሽ? ለእነዚህ ጥያቄዎች የጣቢያው ቁጥር ያግዛል። ቁጥሩ ከተበላሸ ጉዳቱ ጓዳ ድረስ ይገባል።

የመጀመሪያው አደጋ ተራ ስርቆት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ እንደተዘገበው፣ በጆሃንስበርግ ሌቦች ከ400 ገደማ የትራፊክ መብራቶች ሲም ካርድ እየነቀሉ ስልክ ይደውሉበት ነበር። ሜዳ ላይ ብቻውን የቆመ የዝናብ መለኪያም ለዚህ የተጋለጠ ነው።

ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደወጣ የቀረ የይለፍ ቃል ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ሚራይ የተባለው ቫይረስ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን የያዘው በዚሁ ቀዳዳ ገብቶ ነው።

ሦስተኛው የሐሰት ማስጠንቀቂያ ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2017 በአሜሪካ ዳላስ ከተማ ሰርጎ ገብ 156 የአደጋ ሳይረኖችን በእኩለ ሌሊት አስጮኸ። «ጅብ መጣ» እያለ መንደሩን ያታለለውን እረኛ ተረት የሚያወሩ አያቶች ጉዳቱን ያውቁታል፤ እውነተኛው ጅብ ሲመጣ የሚወጣ ሰው አይኖርም።

ሌባም ጠላፊም ሳይኖር ኔትወርኩ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። በሞባይል ዳታ ብቻ የሚልክ ጣቢያ እንዲህ ባለ ጊዜ ድምፁ ይጠፋል። መረጃውን በራሱ ውስጥ ቢያስቀምጥም፣ ነገ የሚደርስ ቁጥር ለዛሬ ማታ ጎርፍ አይሆንም።

መፍትሔው ከአቅም በላይ አይደለም። ለየጣቢያው የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው፤ ሲም ካርዱ ከማዕከሉ ውጭ ከማንም ጋር እንዳይገናኝ ይዘጋ፤ ቁጥሩም ከአጎራባች ጣቢያዎች ጋር ይመሳከር። ቆርቆሮውን በዓይኑ የሚያነበው ሰውም አይሰናበት። ማሽኑ ሲዋሽ የሚያጋልጠው እሱ ነው።

እኛ ወላጆችስ? ልጆቻችን በጣቢያው አጥር ላይ ድንጋይ እንዳይወረውሩ፣ ሽቦውን እንዳይነኩ እንንገራቸው፤ የማንን እንጀራ እንደሚጠብቅም እናስረዳቸው። ቤታችን ያለው ራውተር ወይም ካሜራ ከሱቅ የመጣበትን የይለፍ ቃል እንደያዘ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ እንቀይረው። ሚራይ የገባው እንደ እኛ ባሉ ቤቶችም ነበርና።