ያውቁ ኖሯል? ጠባሳ ይዞ መውለድ

ሆድዎ ላይ የሚታየው ጠባሳ ማህፀንዎ እንዴት እንደተቀደደ እንደማይናገር ያውቁ ኖሯል? ቆዳው በአግድም ተቀዶ ማህፀኑ ቁልቁል፣ ቆዳው ቁልቁል ተቀዶ ማህፀኑ በአግድም ሊሆን ይችላል። ቀጣዩ ምጥ የሚፈትነው የውስጡን ስፌት ነው።

ትርፍ አንጀት ሲወጣ ማህፀን አይነካም፤ ስለዚህ በዚያ ብቻ ማንም በኦፕራሲዮን ትውለድ አትባልም። የማህፀን እጢ ያስወጣች ግን ሌላ ናት። እጢው የወጣው የማህፀኑ ግድግዳ በጥልቀት ተቆርጦ ከሆነ፣ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ምጥ ሳይጀምራት በቀጠሮ ያዋልዷታል። ሆዷ ተቀዶ የማያውቅ ሴትም ከእነዚህ ልትጨመር ትችላለች፦ ፊስቱላዋ (በተራዘመ ምጥ የተፈጠረው ቀዳዳ) ተጠግኖ የዳነች እናት፣ ምጡ የተጠገነውን መልሶ እንዳይቀደው፣ ቀጣዩን ልጅ በኦፕራሲዮን እንድትወልድ ትመከራለች።

ለዚህ ነው ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጥዎት ወረቀት ከልጁ የክትባት ካርድ እኩል መቀመጥ ያለበት። ማህፀኑ በየት በኩልና በምን አቅጣጫ እንደተቀደደ፣ ምክንያቱ፣ ቀኑ፣ ያጋጠመ ችግር ካለም መጻፉን ይጠይቁ፤ ካልተጻፈ ያስጽፉ። አንዷ ቤይሩት ወይም ሪያድ ወልዳ ለሁለተኛው ልጇ አገሯ ትገባለች። ሌላዋ አዲስ አበባ ወልዳ ለቀጣዩ እናቷ ዘንድ ትሄዳለች። አዋላጇ ፊት የሚቀርበው የቆዳው ጠባሳ ብቻ ከሆነ፣ ምጥ ትሞክር ወይስ አትሞክር የሚለው በግምት ይወሰናል። ይህ ያሳስበኛል፤ ወረቀቱን በስልክ ፎቶ ማንሳት እንኳ ብዙ ይረዳል።

«አንዴ በኦፕራሲዮን የወለደች ሁልጊዜም በኦፕራሲዮን» የሚለው አባባል እ.ኤ.አ. በ1916 የኒውዮርኩ ሐኪም ኤድዊን ክራጊን የጻፈው መሆኑንስ? በዚያን ጊዜ ማህፀን የሚቀደደው ከላይኛው ክፍሉ ቁልቁል ነበር፤ ያ ጠባሳ በምጥ ሊተረተር ይችላል። ክራጊን ደግሞ ሐኪሞች የመጀመሪያውን ኦፕራሲዮን ያለ በቂ ምክንያት እንዳይሠሩ ማስጠንቀቁ ነበር። በ1920ዎቹ የግላስጎው ሐኪም ማንሮ ከር የማህፀኑን ቀጭን የታችኛ ክፍል በአግድም መቅደድን አስፋፋ። የዛሬው ኦፕራሲዮን በአብዛኛው እንዲህ ነው።

አንድ ጊዜ እንዲህ ተቀዳ የወለደችና ሐኪም ትችላለሽ ያላት ሴት ምጥ ብትሞክር፣ ከ100 እንዲህ ያሉ ሴቶች ከ60 እስከ 80 ለሚሆኑት ይሳካላቸዋል። ቀድሞ በምጥ ወልዳ የምታውቅ ደግሞ ዕድሏ ከዚያም ይበልጣል። ጠባሳው የመተርተሩ አደጋ ከ200 ሴቶች በ1ዷ ገደማ ነው። አደጋው በደረሰባት ሴት ላይ ግን የሚቀረው ጊዜ ደቂቃዎች ናቸው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚታየው ምልክት የጽንሱ የልብ ምት መውረድ ስለሆነ፣ ምጡ የሚሞከረው የልብ ምቱ ያለማቋረጥ በሚታይበት፣ የኦፕራሲዮን ክፍል፣ ማደንዘዣና ደም በተዘጋጀበት ሆስፒታል ነው። ቤት ውስጥ ጨርሶ አይሞከርም።

በሁለቱ ወሊዶች መካከል ከ19 ወር ያነሰ ጊዜ ካለ አደጋው ይጨምራል። ስለ ወሊድ መቆጣጠሪያ መነጋገር ያለብዎት ከመጀመሪያው ኦፕራሲዮን አልጋ ሳይወጡ ነው።

ሚሶፕሮስቶል የሚባለው ኪኒንም ጠባሳውን ሊተረትር ስለሚችል፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች ሴት በመጨረሻዎቹ ወራት ምጥ ለማምጣት አይሰጥም።

እንግዴ ልጁ የማህፀኑን በር ሸፍኖ ከተቀመጠ፣ ከጠባሳው ጋር ተጣብቆ ሊያድግና አልላቀቅ ሊል እንደሚችልስ ያውቁ ኖሯል? በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት እንግዴ ልጃቸው እንዲህ ከተቀመጠ ሴቶች መካከል፣ ቀድሞ 1 ጊዜ በኦፕራሲዮን ከወለዱት 11 በመቶው፣ 2 ጊዜ ከወለዱት 40 በመቶው፣ 3 ጊዜ ከወለዱት 61 በመቶው ይህ ገጥሟቸዋል። በአልትራሳውንድ ቀድሞ ከታየ በቂ ደምና ልምድ ያለው ሐኪም ወዳለበት ለመሄድ ጊዜ ይገኛል።

ሆስፒታል ለሚርቅባት እናት ደግሞ በየቦታው ወሊዷ እስኪደርስ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ አለ። ወልቂጤ አቅራቢያ ያለው አጣጥ ሆስፒታል በዚህ ቀዳሚ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1987 እስከ 2008 ባሉት 22 ዓመታት ከ1,000 ወሊዶች ሞተው የተወለዱት፣ ማቆያው ውስጥ ቆይተው ከወለዱት ዘንድ 18 ገደማ፣ በቀጥታ ከመጡት ዘንድ 191 ነበሩ። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ናቸው።